ከሀረጎ ቁልቁለት እስከ ጦሳ ዳገት፦ የፊዚክስ ጥያቄና መልስ

የ9ኛ እና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በስበት፣ በእንቅስቃሴና በኢነርጂ ላይ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄዎቻችሁን አየኋቸው። ፎርሙላውን ብዙዎቻችሁ በቃላችሁ ይዛችሁታል። የሚያደናቅፋችሁ ከዚያ በፊት ያለው ነገር ነው፦ ዕቃውን የሚስበው ወይም የሚገፋው ምንድን ነው? ኢነርጂውስ ከየት መጥቶ ወዴት ሄደ? ይህን ሳትመልሱ ቁጥር አታስገቡ።

ከወልዲያ፦ መምህር፣ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ጫፍ ላይ ስትደርስ ፍጥነቷ ዜሮ ነው። አክሰለሬሽኗም ዜሮ አይሆንም?

አይሆንም የኔ ልጅ። አክሰለሬሽን ማለት ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚለዋወጥበት መጠን ነው። ጫፍ ላይም ስበት ይስባታል፤ ለአፍታም አይለቃትም። በየሴኮንዱ 9.8 ሜትር በሴኮንድ ፍጥነቷን ሲቀንስባት የነበረው ያው ስበት፣ ስትመለስ በዚያው መጠን ይጨምርላታል። አክሰለሬሽኗ ዜሮ ቢሆን ኖሮ እዚያው አየር ላይ ተንጠልጥላ ትቀር ነበር።

ከሐይቅ፦ g ን (የስበትን አክሰለሬሽን) መቼ ነው ኔጌቲቭ የማደርገው?

አቅጣጫውን የምትመርጠው አንተ ነህ። ወደ ላይ ፖዘቲቭ ነው ካልክ ስበት ኔጌቲቭ ነው። ብቻ መሀል ላይ አትቀይር።

ከኮምቦልቻ፦ ከባድም ቀላልም እኩል ይወድቃል ብለው አስተማሩን። ታዲያ ከደሴ ወደ እኛ የሚያወርደውን ሀረጎን ሲወርድ ፍሬኑ የሚግለው ለምን የጫነው መኪና ነው?

ከመጡት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የተማርሽው ልክ ነው። ከባዱን ድንጋይ ስበት አብዝቶ ይስበዋል፤ ነገር ግን ከባዱን ለማንቀሳቀስም ያንኑ ያህል አብዝቶ መሳብ ያስፈልጋል። ሁለቱ ይጣፋሉ። የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት በ1971 እ.ኤ.አ. አየር በሌለባት ጨረቃ ላይ መዶሻና ላባ አንድ ላይ ለቀቀ፤ እኩል ወደቁ። እኛ ጋ ላባው የሚዘገየው አየሩ ስለሚይዘው ነው።

አሁን ወደ መኪናው። ከነጭነቱ 200 ኩንታል፣ ማለትም 20,000 ኪሎ ነው እንበል። የቁልቁለቱን ከፍታ ደግሞ ለስሌት እንዲመቸን 600 ሜትር እናድርገው። ፖቴንሻል ኢነርጂው፣ ማለትም ከከፍታው ያገኘው ኢነርጂ፣ 20,000 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ600፣ ወደ 118 ሚሊዮን ጁል (ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው) ይመጣል። ፍሬንም፣ ሰበቃም፣ የሚይዘው አየርም ባይኖር ይህ ሁሉ ወደ ካይኔቲክ (የእንቅስቃሴ) ኢነርጂ ተለውጦ፣ መኪናው ታች ሲደርስ በሰዓት 390 ኪሎ ሜትር ይበር ነበር። ባዶውም መኪና በዚያው ፍጥነት ነው የሚደርሰው፤ ክብደት ፍጥነቱን አይለውጥም።

ሹፌሩ ግን ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ስለዚህ ያ 118 ሚሊዮን ጁል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ይህ ሙቀት ወደ 350 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ መፍያው ያደርሳል! የመኪናው ክብደት እጥፍ ከሆነ ሙቀቱም እጥፍ ነው። ፍጥነት ያልለወጠው ክብደት ሙቀቱን ይለውጠዋል ማለት ነው። ሙቀቱ በሙሉ ፍሬን ላይ ካረፈ ሸራው ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ልምድ ያላቸው ሹፌሮች ከላይ ጀምረው ማርሽ ቀንሰው የሚወርዱት ለዚህ ነው፤ ሞተሩ የሙቀቱን ትልቅ ድርሻ ይሸከምላቸዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ካይኔቲክ ኢነርጂ አራት እጥፍ ነው። በ80 የሚሄድ መኪና ለመቆም በ40 ከሚሄደው አራት እጥፍ የፍሬን ርቀት ይፈልጋል። መንገድ ስትሻገሩ ይህን አስቡ፤ ለፈተና ብቻ የሚጠና አይደለም።

ከደሴ፦ 25 ኪሎ ጤፍ ተሸክሜ ሜዳውን ብሄድ ሥራዬ ዜሮ ነው ይላል መጽሐፉ። ላቤ ጠብ እያለ እንዴት ዜሮ ይሆናል?

አብሽር፣ ድካምህን ማንም አልካደም። መጽሐፉ የሚያወራው ጤፉ ላይ ስለተሠራው ሥራ ነው፤ በፊዚክስ ሥራ ማለት ፎርስ ለዕቃው የሚሰጠው ኢነርጂ ነው። አንተ ጤፉን ወደ ላይ ደግፈህ ይዘኸዋል፤ ጤፉ የሚሄደው ወደ ጎን ነው። ስለዚህ ያ ወደ ላይ የሚደግፈው ፎርስህ ለጤፉ ኢነርጂ አይጨምርለትም። ጡንቻህ ግን ጤፉን ለመያዝ ደጋግሞ ይኮማተራል። የበላኸው ምግብ ኢነርጂ እዚያ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ላብህ የዚያ ነው።

የጦሳን ተራራ ሽቅብ ከወጣህ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንተ 60 ኪሎ ብትሆን ከጤፉ ጋር 85 ኪሎ፣ 100 ሜትር ከፍታ ላይ ወደ 83,000 ጁል ትጨምራለህ። ይህ የሚታሰበው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በከፍታው ነው። ተጠማዞ በሚሄደው መንገድም ብትወጣ ቀጥ ባለው፣ ያው 83,000 ነው።

ከመካነ ሰላም፦ ከገደል ጫፍ አንዱን ድንጋይ ብለቅ፣ ሌላውን ወደ ፊት ብወረውር የቱ ይቀድማል?

ወደ ፊት የወረወርሽው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ከሆነ፣ አየሩ የሚይዘውን ከተውነው እኩል ይደርሳሉ። ገደሉ 20 ሜትር ከሆነ ሁለቱም ወደ 2 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። የተወረወረው በ5 ሜትር በሴኮንድ ከተነሳ 10 ሜትር ያህል ርቆ ያርፋል። ወደ ጎንና ወደ ታች ያለውን ለየብቻ ጽፈሽ ሥሪ፤ የሚያገናኛቸው ጊዜ ብቻ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ደሴ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ 50 ኪሎ የገዛሁት እህል እዚህ ይጨምራል?

ኪሎው ያው 50 ነው። ኮምቦልቻ ላይ ስበቱ በጣም በጥቂቱ ይበረታል። በስፕሪንግ ሚዛን ብትመዝነው ልዩነቱ ከ10 ግራም አይበልጥም። ሁለት ሳህን ያለው ሚዛን ግን ጭራሽ አያሳይህም፤ ስበቱ እህሉንም የሚዛኑን ድንጋይም እኩል ነው የሚጨምርባቸው።