መልስ፦ የሮማ ልጆች ፕሮጀክት ገምግም ተብያለሁ፣ ምኑን ልይ?

ወንድሜ፣ ሌላ ከተማ ሄደህ የሮማ ልጆች (የጣሊያኗን ከተማ ሳይሆን አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገለለውን የሮማ ሕዝብ ማለቴ ነው) የትምህርት ፕሮጀክት እንድትገመግም ተመርጠህ ምኑን ልይ ላልከው፣ እኔ ብሆን ፓወርፖይንቱን ቶሎ አሳልፌ ክፍል ውስጥ ነው የምገባው። ስንት ልጅ ተመዘገበ የሚለውን ራሳቸው ይነግሩሃል፣ አንተ ግን ከማን ጋር ነው የተቀመጡት ብለህ እይ። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ኦስትራቫ ከተማ የሆነውን ታውቃለህ አይደል፣ 18 የሮማ ልጆች ለአእምሮ እድገት ውስንነት ወደተዘጋጀ ልዩ ትምህርት ቤት ተልከው ጉዳዩ ስትራስቡርግ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደና በፈረንጆቹ 2007 አድልዎ ነው ተብሎ ተፈረደ። የሚገርመው ወረቀቱ ሙሉ ነበር እኮ፣ ልጆቹ ተፈትነዋል ወላጆችም ፈርመዋል። ፍርድ ቤቱ ግን ፈተናው ራሱ ሊያዳላ ይችላል፣ የወላጅ ፊርማም አድልዎን ትክክል አያደርገውም አለ። ፋይል ብቻ ያየ ገምጋሚ ቢሆን ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይወጣ ነበር።

ሌላው ሜዲያተሮቹን (ከራሱ ከማህበረሰቡ ወጥተው ቤተሰቡንና ትምህርት ቤቱን የሚያገናኙት) ለብቻ ቡና ጋብዘህ አናግራቸው፣ አለቃ ባለበት ምንም አይሉህም። ደሞዛቸውን ማን እንደሚከፍል፣ የአውሮፓ ህብረት ብር ሲያልቅ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀጥራቸው እንደሆነ ጠይቅ፣ እዚህ ጋ ዝም ካሉህ ገብቶሃል። ልጆቹን ባህል ልብስ አልብሰው ዘፈን ያሳዩሃል መቼም፣ አጨብጭብና የሂሳብ ደብተራቸውን አሳዩኝ በል። አስተርጓሚ ደግሞ የራስህን ይዘህ ሂድ።