«ሚስቴ ስለ መኪናው መጠየቅ አቁማለች»

ጥያቄ፦ «የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት። ግንቦት 2016 ላይ የኤሌክትሪክ መኪና አዘዝኩ። ቅድሚያ ክፍያ ከፈልኩ፤ ለዚሁ ብዬ ቪትዟን ሸጥኩ። በሦስት ወር ትገባለች ተባልኩ። ለአዲስ ዓመት አሉ፣ ለገና አሉ፣ ለፋሲካ አሉ። ይኸው ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። መርከቡን የምነዳው እኔ አይደለሁ፣ ምን ላድርግ? ባለቤቴ ግን ይህን አትረዳልኝም። ባለፈው ወንድሜ ቤት ምሳ ተጠርተን ‹መኪናዋ ምን ደረሰች?› ሲሉኝ፣ ቀድማኝ ‹ላም አለኝ በሰማይ› አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ግቢ ውስጥ ያስገጠምኩት ቻርጀር ላይ የወለል ጨርቅ ታሰጣበታለች። ጭማሪ ክፈል ስባል ከጓደኛ ተበድሬ የከፈልኩት ለማን ብዬ ነው? ደግነቱ አሁን አሁን ስለ መኪናው መጠየቅ አቁማለች። ይህን ንቀቷን ግን በምን ላስተካክለው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ስድስት ገጽ ነበር። ከላይ ያለው አጥሮ ነው።

በመኪናው ልጀምር፤ ንዴትህ ያለ ምክንያት አይደለምና። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሉን ሲያሳውቅ፣ ብዙ ሰው እንዳንተው ወደ ኤሌክትሪኩ ዞሯል። አንተ ግንቦት ላይ ተዋዋልክ። ሐምሌ 22 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ግንቦት ላይ በተቀበለው ብር ነሐሴ ላይ ያንኑ መኪና ልግዛ ያለ አስመጪ፣ ብሩ አይበቃውም። የጭማሪው ጥያቄ ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ባሕሩ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ። «መርከብ ላይ ናት»፣ «ጅቡቲ ናት»፣ «ሞጆ ገብታለች» እያሉ ነግረውሃል። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ግን አንዳቸውም ቀኑን አይናገሩም።

ስለዚህ መዘግየቱ ያንተ ጥፋት አይደለም። ባለቤትህም ባንተ ያሳበበች አይመስለኝም።

ደብዳቤህን ሳነብ ያስቆመኝ አንድ ቃል ነው። «ደግነቱ» ብለሃል። ደግነቱ መጠየቅ አቁማለች።

እኔ ጋ እየተጯጯሁ የሚመጡ ባልና ሚስቶች ብዙም አያስፈሩኝም። የምፈራው ጸጥ ብለው የሚቀመጡትን ነው። «ለምን ዘገየህ? የት ነበርክ? መቼ ነው?» የሚል ሰው፣ ቢያንስ መልሱን አምናለሁ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሚስትህ ዓመት ሙሉ ጠየቀች። አሁን አትጠይቅም። አንተ እፎይታ አድርገህ ወስደኸዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር ጠረጠርኩ፤ የጠረጠርኩትም ራስህ ከጻፍከው ነው።

ገጽ ሦስት ላይ እንዲህ የምትል መስመር አለች፦ «ለፋሲካ ደብረ ብርሃን እናቷ ጋ በራሳችን መኪና እንሄዳለን ብለናቸው ነበር፤ ለገናም ብለን ነበር፤ አልሆነም።» በቃ። ቀጥሎ ስልክ ስለማያነሳው ሻጭ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈሃል። እኔ ግን እዚያች መስመር ላይ ቀረሁ።

እስቲ አብረን እንያት። ሻጩ ልጅ ምን አለህ? በራስህ አጻጻፍ፣ «ለፋሲካ ሳትደርስ አትቀርም» ነው ያለህ። አንተ ማታ ቤት ስትገባ ምን አልክ? «ለፋሲካ ትገባለች።» ባለቤትህ ስልክ አንስታ እናቷን ምን አለቻቸው? እንደምገምተው፣ «እማዬ፣ ዘንድሮ በራሳችን መኪና ነው የምንመጣው።» እናትየውስ ለጎረቤት ምን አሉ? ልጄ በራሷ መኪና ልትመጣ ነው። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ባለፈ ቁጥር «ምናልባት»ን እየጣለ ሄደ። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለው ሻጭ ምንም አልጎደለበትም። ወዲህኛው ጫፍ ላይ ያለችው ሴት ግን፣ ለገና አንዴ፣ ለፋሲካ አንዴ፣ እናቷ ጋ ደውላ «አልደረሰችም» ማለት ነበረባት። መሐል ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ወሬ ሆኖ የመጣልህን ቀን፣ የራስህ ቃል አድርገህ ሰጠሃት።

አሁን ወደ ወንድምህ ቤት ምሳ እንመለስ። «ላም አለኝ በሰማይ» ስትል አዋረደችኝ ብለሃል። ተረቱን ግን ልብ ብለህ ስማው። «አለኝ» ነው የሚለው። «አለው» አይደለም። ወተቷን ያላየችው ባለላሟ እሷ ናት። በዚያ ቀልድ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተሳቀባት በራሷ ነው፤ ለእናቷ የነገረችው እሷ ስለሆነች። ቀድማህ የተናገረችውም ሌላ አዲስ ቀን ከአፍህ እንዳይወጣ ይሆን? እዚህ ላይ ልሳሳት እችላለሁ። ግን «ንቀት» ከማለትህ በፊት ይህንንም አስበው።

ታዲያ አንተ «ምናልባት»ን ለምን ጣልከው? ውሸታም ስለሆንክ አይመስለኝም። አዘዝኩ፣ ከፈልኩ፣ ሸጥኩ፣ አስገጠምኩ፣ ተበደርኩ ብለሃል። በስድስት ገጽ «እኛ» የምትለው ደብረ ብርሃን ላይ ብቻ ነው። ቪትዟ ስትሸጥ ባለቤትህ ምን እንዳለች አንድም ቃል የለም። ምናልባት «መጀመሪያ አዲሷ ትግባ» ብላህ ነበር? ካልሆነ ይቅርታ። ከሆነ ግን፣ እያንዳንዱ ቀን ያንን ውሳኔህን መከላከያ ሆኖልህ ነበር ማለት ነው። ውሳኔውን ብቻውን የወሰነ ሰው «አላውቅም» ማለት ያስፈራዋል። «ለገና» ማለት ይቀለዋል።

የብድሩም ነገር አለ። እሷ ታውቃለች? ደብዳቤው አይልም። ብታውቅ ኖሮ ግን «እያወቀች» ብለህ ጨምረህ የምትወቅሳት ይመስለኛል።

ዴቪድ ማይስተር የሚባል በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ስለ ሰልፍና ጥበቃ አንድ ጽሑፍ ጽፏል። ማብቂያው ያልታወቀ ጥበቃ፣ ቁርጡ ከታወቀው ይረዝማል ይላል። ምክንያቱ ያልተነገረ ጥበቃም ምክንያቱ ከተነገረው ይረዝማል። እሱ የጻፈው ስለ ምግብ ቤትና ስለ መሳሰለው ነው። ግን ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ስድስቱን ገጽ ያስጻፈህ ዓመት ከሦስት ወሩ ብቻ አይደለም። ስልኩ አለመነሳቱ ነው። እየደለሉኝ ነው የሚለው ስሜት ነው። ባለቤትህም እዚያው ሰልፍ ላይ ቆማለች፤ የእሷ ሻጭ ግን አንተ ነህ። በዚያ ላይ ቪትዟ ከተሸጠች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ልጅ ይዛ አያት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ የምትቆመው እሷ እንደሆነች ጽፈሃል። ይህንንም በአንድ መስመር ነው ያለፍከው።

ምን ላድርግ ላልከው፣ ከአንድ ደብዳቤ ተነስቶ ብዙ መምከር ይከብዳል። የእሷን ወገንም አልሰማሁም። ቢሆንም ከብድሩ ብትጀምር ጥሩ ይመስለኛል። ከሌላ ሰው ሳትሰማ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቁጥሩን ሳታሳንስ ንገራት። የዚያን ቀን ትቆጣለች። ትቆጣ። ቁጣው ከዝምታው ይሻላል፤ ከተቆጣች ገና እየጠየቀችህ ነው። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ቀን አትስጣት። «ዛሬ ደወልኩ፤ ሞጆ ናት አሉኝ፤ መቼ እንደምትወጣ አያውቁም» በቂ ነው። «አያውቁም» የምትለዋን እንዳትውጣት። ውሉንም አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት። ስለ ማስረከቢያ ጊዜና ስለ ጭማሪ ምን ይላል? ጠበቃ ብታማክሩ አይከፋም፤ ስትሄዱ ግን ሁለታችሁም ሂዱ። ገንዘቤን መልሱልኝ ይባል ወይስ እንጠብቅ የሚለውን እኔ አልወስንላችሁም። አንተም ለብቻህ አትወስነው።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። በሚኒባስ ይኬዳል። መኪናዋን ሳትጠብቁ ከነልጆቹ ሂዱና፣ «ለገና»፣ «ለፋሲካ» የተባለው በማን ቃል እንደሆነ ለእናትየው አንተ ራስህ ንገራቸው። ይህን ባለቤትህ ባለችበት ብታደርገው፣ ያ የምሳ ግብዣ የወሰደብህን ክብር ከየትኛውም ተግሣጽ በላይ የሚመልስልህ ይመስለኛል። ምናልባት ወዲያው ላይሆን ይችላል። ዓመት ሙሉ የላላ እምነት በአንድ ቅዳሜና እሑድ አይጠብቅም።

ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ዝምታው ያው ከሆነ፣ አንድ የትዳር አማካሪ ፊት ለፊት ብታገኙ ጥሩ ነው። እሷ እምቢ ካለች ብቻህን ጀምር። ብዙዎች አንዱ ብቻውን መጥቶ ነው ሌላው የተከተለው።

የቻርጀሩን ነገር ሳነብ፣ ይቅርታህን፣ ሳቄ መጣ። እኔ ብሆን ስለ ጨርቁ ምንም አልልም። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ እሱ ከሆነ፣ መኪናዋ እስክትመጣ ይድረቅበት።