እርዱ በአልኮል ቦግ ብሎ በውሃ ለምን ጠፋ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ደሴ ፒያሳ የወንድሜ ሱቅ ነው የምሰራው፣ ፎርጅድ ብር የምንለይበት ወይነጠጅ መብራት አለን። አንድ ማታ እርድ በአልኮል በጥብጬ ሳበራበት ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ አለ፣ በዘይት ሳደርገው ቀለሙ ትንሽ ተለወጠ፣ በውሃ ግን ምንም የለም። እርዱ ያው አንድ እርድ አይደል እንዴ?

መልስ፦ እህቴ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው ያየሽው፣ እርዱማ አንድ ነው፣ የተለያየው የገባበት ፈሳሽ ነው። ቢጫውን የሚሰጠው ከርኩሚን የሚባል ሞለኪውል የመብራትሽን ጨረር ሲውጥ ጉልበቱ ከፍ ይላል፣ ኤክሳይትድ ስቴት የሚሉት ይሄ ነው፣ እዛ ላይ አልኮል ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ናኖሰከንድ በታች ነው ማለትም ከሰከንድ ቢሊዮንኛ ያነሰ፣ ግን በዚች ቅጽበት የሚሆነው ብዙ ነው። ሲነቃ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጁ ከበፊቱ ይራራቃል፣ በዙሪያው ያሉት የአልኮል ሞለኪውሎች ደግሞ ፖላር ስለሆኑ፣ ማለትም አንድ ጎናቸው ወደ ፖዘቲቭ ሌላው ወደ ኔጋቲቭ ስለሚያደላ፣ ዞር ዞር ብለው እንደሱ ይስተካከላሉ፣ በዚህ መሃል ብርሃን ሳይሰጥ የተወሰነ ጉልበት ይጥላል። ከደሴ ተነስተሽ ሐረጎን ትንሽ ከወረድሽ ኮምቦልቻ ድረስ የሚቀርሽ ቁልቁለት ያንሳል አይደል፣ ብርሃኑም የሚወጣው ከቀረችው ቁልቁለት ስለሆነ ጉልበቱ ያነሰ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ይሆናል።

ሳይክሎሄክሴን የሚባለው የላብራቶሪ ፈሳሽ ፖላር አይደለም፣ እዛ ውስጥ ከርኩሚን ወደ 450 ናኖሜትር ገደማ ሰማያዊ ያበራል፣ ኢታኖል ማለትም አልኮሉ ውስጥ ወደ 540 ይሄዳል (ናኖሜትሩ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ጉልበቱ ይቀንሳል)፣ የምግብ ዘይት መሃል ላይ ነው። የሚውጠው ብርሃን ግን ብዙም አይለወጥም፣ ለዛ ነው ቀን ላይ ብታይው አልኮሉም ዘይቱም ቢጫ የሚመስሉሽ፣ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ውሃ ውስጥ ከርኩሚን አይሟሟም ማለት ይቻላል፣ የሟሟችው ትንሿም የያዘችውን ጉልበት በአብዛኛው በሙቀት ነው የምትለቀው።

አንድ ነገር ግን ሳታጣሪ አትለፊ፣ ዘይት ራሱ ያለ እርድ በዚህ መብራት ሰማያዊ ነገር ሊያሳይ ይችላል፣ ስለዚህ ባዶውን ዘይት ጎን አስቀምጠሽ አወዳድሪ። እርዱን ደግሞ ቁንጥር ብቻ አድርጊ፣ ከበዛ ሞለኪውሎቹ አንዱ የሰጠውን ብርሃን ሌላው መልሶ ይውጠውና ቀለሙ ያሳስትሻል። መብራቱን በቀጥታ አትይው፣ አልኮሉንም ከከሰል ምድጃና ከሻማ አርቂው።