መጀመሪያ ጨው ውሃውን ብቻ ለኩ

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ በኤሌክትሮኬሚስትሪ ሙከራ የምታጠኑትን ንጥረ ነገር ገና ሳትጨምሩ፣ ጨው ውሃው ብቻ እያለ መሣሪያው ላይ የሚታየውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደ ጣጣ ታዩታላችሁ። ቀንሳችሁ ትጥሉታላችሁ። ከመጣላችሁ በፊት ግን አንድ ሙሉ ሳምንት እንድትሰጡት እለምናችኋለሁ።

የወርቅ ሽቦ ጨው ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስትሰጡት ሶዲየም አዮኖች፣ ማለት አዎንታዊ ሙል ያላቸው የጨው ቅንጣቶች፣ ወደ ገጹ ይሰበሰባሉ። ወርቁን ግን አይነኩትም፤ ውሃ በመካከል ይቆማል። ሁለት የሙል ረድፎች ፊት ለፊት ተፋጠጡ ማለት ነው፤ ይህ ካፓሲተር፣ ሙል የሚያከማች ነገር፣ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1853 ያሰበው ይህንኑ ነበር።

እስቲ እርሳስ አንሱ። ክፍተቱን 0.3 ናኖሜትር አድርጉት፣ ለውሃ የሚሰጠውን የዳይኤሌክትሪክ ቁጥር (ውሃው የኤሌክትሪክ መስክን ምን ያህል እንደሚያዳክም የሚናገረውን) 78 አስገቡ። ካፓሲታንሱ፣ ማለት ሙል የመያዝ አቅሙ፣ በካሬ ሴንቲሜትር 230 ማይክሮፋራድ ገደማ ይወጣል። ላብራቶሪ ውስጥ የምታገኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 40 ነው። ስህተቱ ከስሌታችሁ አይደለም። ብረት ላይ የተጣበቀ ውሃ በብርጭቆ ውስጥ እንዳለው እንደ ልቡ መዞር አይችልም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። በ6 አስሉት፣ 18 ይመጣል። በአንድ የውሃ ሞለኪውል ውፍረት ውስጥ ያለውን ነገር በዓይን ሳናይ በዚህ አወቅነው። እኔን እስከ ዛሬ ከዚህ ሙያ ጋር ያቆራኘኝ ይህ ስሌት ነው።

ሙቀት አዮኖቹን እንደሚበትናቸው ጉዊ በ1910፣ ቻፕማን በ1913 አሳዩ፤ ስተርን በ1924 ይህንን ከሄልምሆልትዝ ሐሳብ ጋር አገናኘ። ግራሃም ደግሞ ካፓሲታንሱን በሜርኩሪ ጠብታና በሶዲየም ፍሎራይድ ለካ። ምርጫው ብልህ ነበር፤ እያንዳንዱ ጠብታ አዲስ ንጹሕ ገጽ ይዞ ይወለዳል፣ ፍሎራይድም እንደ አዮዳይድ ሜርኩሪው ላይ አይጣበቅም። ሙሙቱ፣ ማለት ጨው ውሃው፣ እስከ 0.001 ሞላር ሲቀጥን፣ ብረቱ ሙል በማይኖረው ቮልቴጅ ላይ ካፓሲታንሱ ከቮልቴጅ ጋር ሲለዋወጥ የሚያሳየው ኩርባ ወደ 6 ማይክሮፋራድ ገደማ ይሰምጣል። ሙሙቱን ወደ 0.1 ሞላር ስታወፍሩት ያ ጉድጓድ ይሞላል።

ጠጣር ብረት እንደ ሜርኩሪ ራሱን አያድስም። በወጣትነቴ የኤሌክትሮዴ፣ ማለት የምለካበት ወርቅ፣ ካፓሲታንስ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲቀንስ አየሁና አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሦስት ወር ደከምኩ። ምክንያቱ የመስታወት ዕቃው መክፈቻ ላይ የቀባሁት ቅባት ነበር። ቀስ እያለ ወደ ሙሙቱ ገብቶ ወርቁን በስሱ ሸፈነው፤ ውሃው የነበረበትን ቦታ ቅባት ሲይዘው ካፓሲታንሱ ይወርዳል። ከመለካቴ በፊት የጨው ውሃውን ብቻ ኩርባ ከትናንቱ ጋር ባስተያይ ኖሮ በሁለተኛው ቀን እደርስበት ነበር።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ቮልቴጁን በሰከንድ 50 ሚሊቮልት እየነዳችሁ አንድ ካሬ ሴንቲሜትር ወርቅ ለኩ። ካፓሲታንሱ 20 ማይክሮፋራድ ከሆነ ጅረቱ 1 ማይክሮአምፔር ይሆናል። 3 ካነበባችሁ ገጹ ሸካራ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ስፋቱ በማስመሪያ ከለካችሁት ይበልጣል። በጥሩ የአልሙና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ዱቄት ፈግፍጋችሁ፣ በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ፣ ያንኑ ጨው ውሃ እንደገና ለኩት።