ስለ ምጽዋ ጠይቁኝ

ሰላም ወገኖች። ዛሬ ማታ ስለ ምጽዋ ታሪክ የምችለውን እመልሳለሁ። አንድ አደራ አለኝ፦ ዓመት ስትጽፉ አቆጣጠሩን ለዩ። እኔ የምጽፈው በፈረንጅ ነው። የዶጋሊ ጦርነት በእኛ 1879፣ በፈረንጅ 1887 ነው። ካምታታችሁት ጦርነቱ ጣሊያን ምጽዋ ከመግባቱ በፊት የተደረገ ይመስላችኋል።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ የድሮዎቹ ቤቶች ድንጋይ ለምንድነው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነው?

መልስ፦ ተባረኪ፣ ይሄን ስጠብቅ ነበር። ከባሕር የወጣ ኮራል ነው። ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሠሩት፣ ተጋግሮ ድንጋይ የሆነ ነገር ነው። ቀረብ ብለሽ ካየሽው የማር እንጀራ ይመስላል። ቀላል ነው፣ ለመጥረብም ይመቻል። ጠላቱ ጨውና እርጥበት ነው። ስለዚህ በኖራ ይለሰናል። ልስኑ ሲረግፍ ግድግዳው ከውስጥ ይበላል። ሰው የማይኖርበትና የማይታደስ ቤት የሚፈርሰው ለዚህ ነው። በ1921 የመሬት መንቀጥቀጡ ከተማዋን ክፉኛ ጎድቷታል፤ በ1990 ደግሞ የደርግና የሻዕቢያ ጦርነት ደገመው።

የመስኮቱ የእንጨት ፍርግርግም ለጌጥ ብቻ አይደለም። ንፋስ ያስገባል፣ ፀሐይ ይከለክላል፣ ውስጥ ያለው ሰው ሳይታይ መንገዱን ያያል። እባካችሁ «የቱርክ ቤት» ብላችሁ አትለፉት። ኦቶማኖች ምጽዋን የያዙት በ1557 ነው፤ ይህ አሠራር ግን የሱዳኗ ሱዋኪንም ጅዳም አለ። የቀይ ባሕር ሰዎች የጋራ ጥበብ ነው።

አቤል፦ የምጽዋን ሙሉ ታሪክ ባጭሩ ብትነግረን?

መልስ፦ አንድ ዘመን ምረጥና ተመለስ።

ዮናስ፦ ደሴት ናት ወይስ የብስ?

መልስ፦ ሁለቱም። ባጽዕና ጥዋለት ደሴቶች ናቸው። በ1870ዎቹ፣ በግብጾች ዘመን፣ ባሕሩ ላይ በተደለደለ መንገድ እርስ በርስና ከየብሱ ጋር ተገናኙ።

ገብሬ፦ አፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር በተፈራረሙት ውል ምጽዋን አሳልፈው ሰጡ አይደል?

ሀጎስ፦ ምን ማለትህ ነው? ምጽዋ መቼ በእጃቸው ነበረችና ነው የሚሰጧት?

ገብሬ፦ ታዲያ ለምን ፈረሙ?

ሀጎስ፦ አንብብ ወንድሜ። ከግብጽ ጋር ተዋግተው ያመጡት ውል ነው።

መልስ፦ ሀጎስ ልክ ነው፤ ግን ተረጋጉ። በ1884ቱ ውል ቦጎስ፣ ማለትም የከረን አካባቢ፣ ለንጉሡ ይመለሳል፤ በምጽዋ በኩል ዕቃቸው በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነጻ ያልፋል። ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1885፣ ጣሊያን ገባ፤ እንግሊዝም ዝም አለች። የተከዱት ንጉሡ ናቸው። ወደቡ ዛሬ የማን መሆን አለበት ወደሚለው ክርክር ከገባችሁ አልመልስም።

መዓዛ፦ ምጽዋ አጠገብ ጉርጉሱም ባሕር ዳር ሆቴል አዳር ስንት ነው?

መልስ፦ ዋጋ አልመልስም። ታሪክ ጠይቁኝ።

ብሩክ፦ ዶጋሊ 1879 ከሆነ ባቡሩ በ1887 ማለትም ከ8 ዓመት በኋላ ተጀመረ?

መልስ፦ አቆጣጠር! ከላይ ተናግሬያለሁ። ዓመቱ አንድ ነው። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ጣሊያንን ከመቱ በኋላ ነው ጣሊያን ወታደርና ስንቅ ከምጽዋ በስተምዕራብ ወዳለችው ሰሓጢ ለማድረስ ሀዲድ መዘርጋት የጀመረው። አሥመራ የደረሰው በ1911 ነው። 118 ኪሎ ሜትር ለመዘርጋት 24 ዓመት ፈጀ፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣ ገደል ነውና።

ተዋበች፦ ጃንሆይ ለምን እዚያ ቤተ መንግሥት ኖራቸው?

መልስ፦ በበጋ አሥመራ ይበርዳል፣ ምጽዋ ያኔ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። በክረምት ግን ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መዝናኛ ያደረጋት ይኸው ነው፤ የአሥመራ ሰው በጥርና በየካቲት ይወርዳል። ቤተ መንግሥቱ ጥዋለት ላይ ነው። የባሕር ኃይሉም ጦር ሰፈር እዚያው ምጽዋ ስለነበር በባሕር ኃይል ቀን ጃንሆይ ይገኙ ነበር። የአሜሪካና የሶቭየት መርከቦች አንድ ወደብ ላይ ይቆሙ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ጉልላት የተመታው በ1990 ነው።

መዓዛ፦ እሺ ዋጋው ይቅር፤ ሆቴሉስ አሁን ይሠራል?

መልስ፦ መዓዛ፣ እባክሽ።

ዳዊት፦ አባቴ ባሕር ኃይል ነበር። ነጭ ልብስ ለብሶ በእንጨት ሰገነት ሥር የተነሳው ፎቶ አለን። የት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ላከው። ፊቱን ብቻ ቆርጠህ እንዳትልክ፣ ሙሉውን። የሰገነቱን ፍርግርግና ከጀርባው ያለውን መንገድ ልየው። ከፎቶው ጀርባ የተጻፈ ቀን ካለ ደግሞ የእኛ ይሁን የፈረንጅ ንገረኝ።