ከማሲንቆ እስከ ሳጥን ጊታር፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬው መላሽ ባሕር ዳር ውስጥ ክራርና ማሲንቆ የሚሠሩ፣ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ በሳጥን ጊታር የተለከፉ አናጢ ናቸው። ከሲጋራ ሳጥንም ይሁን ካገኛችሁት ሳጥን ስለሚሠራ መሣሪያ ጠይቁ ተብሏል። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸው ጠርተናል።

አናጢው፦ እንደምን አመሻችሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል። አንገቱ ሳጥኑን ዘልቆ ይለፍ። በሌላው እንከራከራለን፤ በዚህ ግን አንከራከርም። በሉ ጠይቁ።

ሽምብጥ፦ ጋሼ፣ የሲጋራ ሳጥን እዚህ ከየት ይገኛል?

አናጢው፦ አትድከም። የሻይ ሳጥን ይሆናል፣ የውስኪ ስጦታ የሚመጣበት የእንጨት ሳጥንም ይሆናል። ካጣህ በቀጭን ኮምፔልሳቶ ራስህ ምታው። ድምፁ ሲጋራ አይጠይቅም።

ዘጌ፦ አንገቱ ለምን ዘልቆ ያልፋል? ጊታር ላይ እኮ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያያዘው።

አናጢው፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ጊታር ሲሠራ መጋጠሚያው ከመጀመሪያው ታስቦበት ነው። የሲጋራ ሳጥን ግን የተሠራው ሲጋራ ሊይዝ ነው። ግድግዳው ስስ ነው። ሦስት የብረት ክር ስትወጥርበት ጉተታው ከ20 ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። ያንን ግድግዳው ከተሸከመው ሳጥኑ አንድ ቀን ይከፈታል። እንጨቱ ከዳር እስከ ዳር ካለፈ ግን ጉተታውን የሚችለው እሱ ነው። የሳጥኑ ሥራ ድምፅ ብቻ ይሆናል።

አሁን ማሲንቆ አንሡና ተመልከቱ። ዘንጉ በአንዱ ማዕዘን ገብቶ በትይዩው ማዕዘን ይወጣል። ጭራው የሚታሰረው ከታች ብቅ ባለው ጫፍ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሳጥን ጊታር የሚሠሩት ሰዎችም ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ከማሳደዳችሁ በፊት አንድ አዝማሪ አስፈቅዳችሁ ማሲንቆውን ገልብጣችሁ እዩ።

አንድ ልጨምር። እንጨቱ ከክዳኑ ሥር ሲያልፍ ክዳኑን አይንካው። ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከነካው ክዳኑ መንቀጥቀጥ ያቅተዋል፤ ድምፁም ይታፈናል።

አባይ ማዶ፦ ለክር የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ፈትቼ ብጠቀምስ? ብስክሌት እንደሆነ በከተማው ሞልቷል።

አናጢው፦ ይሠራል። ሲበጠስ ግን ዓይን ያጠፋል። ሲወጠር ፊትህን አርቅ፣ መነጽርም አድርግ። ለጀማሪ የምመክረው የዓሣ ማስገሪያ ናይለን ነው። ሐይቅ ዳር እየኖራችሁ ናይለን ቸገረን እንዳትሉኝ። 0.7፣ 0.8 እና 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ውሰድ። የናይለን ጊታር ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሦስት ክሮች ወደዚያው ናቸው። ጉተታውም ለሳጥኑ ይቀላል።

ፋሲሎ፦ ጥሩ ድምፅ እንዲኖረው ምን ላድርግ?

አናጢው፦ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? ጎላ ያለ? ረዘም ያለ? ወፍራም? ለይተህ ተመለስ።

ጎርጎራ፦ የፍሬት፣ አንገቱ ላይ የድምፁን ቦታ የሚለየው የብረት መስመር፣ ቦታው በምን ይለካል? እኔ በዓይኔ ገምቼ አደረግሁትና ዘፈኑ ሁሉ ተንሻፈፈ።

አናጢው፦ በዓይን አይሆንም፣ ልጄ። ከአንገቱ ጫፍ ክሩ ከሚያርፍበት እስከ ብርኩማው፣ ማለትም ክዳኑ ላይ ክሩን ከፍ አድርጎ እስከሚይዘው እንጨት፣ ያለውን ርዝመት ለ17.817 አካፍዪ። ርዝመቱ 63.5 ሳንቲም ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት 3.56 ሳንቲም ላይ ይወድቃል። ከዚያ የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ታካፍያለሽ። እንዲህ እያልሽ ትሄጃለሽ። 12ኛው ልክ ግማሹ ላይ፣ 31.75 ላይ ካልወደቀ የሆነ ቦታ ስተሻል።

ፍሬቱ ከተስተካከለ በአንድ ክር ብቻ ቅኝት ይወጣል። ለትዝታ ባዶውን ክር፣ ከዚያ ፍሬት 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 12። ለአምባሰል ባዶውን፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8፣ 12። ሞክሪውና ጎረቤት ይፍረድ።

ዘጌ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ፍሬት ያለው ትዝታ ትዝታ አይደለም። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ይነካል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። የሚንሸራተተው ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሽምብጥ፦ ክራርስ? ክራር ላይ ምን ይንሸራተታል? ግን ትዝታ ያስለቅሳል።

ዘጌ፦ ክራርና ማሲንቆ ምን አገናኛቸው?

ወረታ፦ ሁለታችሁም ተዉት። ለማሲንቆ ጭራ የወንድ ፈረስ ይሻላል ወይስ የሴት?

ሽምብጥ፦ የወንድ። የሴቷ ሽንት ይነካዋል።

ወረታ፦ ታጥቦ የለም እንዴ!

አናጢው፦ ኧረ በፈጠራችሁ! ዘጌ ስለ ጣቱ ልክ ነህ። ፍሬት የማትፈልግ ከሆነ እንጨቱ ላይ በእርሳስ መስመር አስምርና ጆሮህን ተከተል። ወረታ፣ የወንዱ ይመረጣል፤ ታጥቦ ከሆነ ግን አትጨነቅ። ደጋኑን ዕጣን መቀባት አትርሳ። ያለ ዕጣን የሚመጣው ዝምታ ነው።

ድባንቄ፦ በክዳኑ ፋንታ የፍየል ቆዳ ባለብሰውስ?

አናጢው፦ ደስ ይለኛል። ቆዳው ጠጉሩ ተነሥቶ፣ በደንብ ርሶ፣ እርጥቡን ይወጠራል። ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ካቻኮልከው አንዱ ጎን ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ችግሩ ክረምት ነው። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል። ሐይቁ አጠገብ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ቆዳው ይላላል፣ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ድምፁ ይወፍራል። ከመጫወትህ በፊት ከከሰል ምድጃ ራቅ አድርገህ ትንሽ አሙቀው። ራቅ አድርገህ ነው ያልኩት። በጋ ሲገባ ደግሞ ስለሚከር ክሩን አላልተህ አስቀምጠው። ይሄን ሁሉ ጣጣ የማይፈልግ በኮምፔልሳቶ ይቆይ።

ሰባታሚት፦ ሳጥኑን ከደንገል ብሠራውስ?

አናጢው፦ ታንኳ ሥራበት።

ፋሲሎ፦ ጎላ ያለ ነው የፈለግሁት። ደግሞ አንገቱን ከጎን በምስማር ብመታው ምን ይሆናል?

አናጢው፦ ከላይ አንብብ። ዘልቆ ይለፍ ብያለሁ። ጎላ እንዲል ክዳኑ ይሳሳ፣ ብርኩማው ደግሞ ቀላልና ደረቅ እንጨት ይሁን። ብርኩማውን ክዳኑ ጠርዝ ላይ እንዳታቆመው፤ ወደ መሐል ይጠጋ።

ጎርጎራ፦ ይሄን ነገር መጀመሪያ ማን ጀመረው?

አናጢው፦ የአሜሪካ ነገር ነው። ኤድዊን ፎርብስ የተባለ ሠዓሊ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ወታደር ከሲጋራ ሳጥን የተሠራ ቫዮሊን ሲጫወት የሚያሳይ ሥዕል አለው፤ በ1876 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች ካርል ፐርኪንስም የመጀመሪያ ጊታሩ ከሲጋራ ሳጥንና ከመጥረጊያ እንጨት እንደተሠራ ይነገራል። ቀጥሉ።

ሽምብጥ፦ ለአንገት ባሕር ዛፍ ይሆናል?

አናጢው፦ እርጥቡ ይጣመምብሃል። በደንብ የደረቀ ዋንዛ ፈልግ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን ይከብዳል፤ መሮህንም ይጨርሰዋል።

ድባንቄ፦ ወደ ስፒከር ማገናኘትስ?

አናጢው፦ ፒዬዞ፣ ማለትም የክዳኑን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቁራጭ፣ ከክዳኑ ሥር ይለጠፋል። ከዚያ በላይ የኤሌክትሪክ ሰው ጠይቁ።

አባይ ማዶ፦ ለልጄ ልሠራላት ነው፣ ገና ትንሽ ናት። በምን ልጀምር?

አናጢው፦ አንድ ክር ብቻ፣ እሱም ናይለን። ሽቦ አይሆንም፤ ዓይን ነው ያልኩህ። ርዝመቱን ወደ 45 ሳንቲም አሳጥረው፣ እጇ እንዲደርስ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። አንገቱም ዘልቆ ይለፍ፤ ልጅ መጣሏ አይቀርም።