ከሴካፋ በፊት የነበረው የሳሙና ዋንጫ

«ከሴካፋ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ የብሔራዊ ቡድኖች ዋንጫ ነበር ወይ?» ላልከው፣ አዎ፣ ነበር። ጎሴጅ ካፕ ይባላል። ስሙ የሳሙና ስም ነው፤ ዋንጫውን የሰጠው ጎሴጅ የሚባል የእንግሊዝ ሳሙና ፋብሪካ ነበር። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1926 ኬንያና ዩጋንዳ ናይሮቢ ላይ ጀመሩት። 1 ለ 1 ወጡና ጨዋታው ተደገመ። ኬንያ 2 ለ 1 ረታች። ከዚያ ለዓመታት ሁለቱ ብቻ ሲፋለሙ ኖሩ፤ እንደ ሰፈር ደርቢ በለው። በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ዋንጫው ካምፓላ ነበር የሚያድረው። ታንጋኒካ በ1945 ገባች፣ ዛንዚባርም ተከተለች። በ1966 አበቃ። ስሙ ተቀይሮ ጥቂት ዓመት ተንገዳገደና በ1973 በሴካፋ ዋንጫ ተተካ። በ1987 አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን የወሰድነው እሱን ነው።